በእጅ የተቀባ የድሮ የከተማ ሥዕል መጽሐፍ እንዴት ይመረመራል? ቀለሙን መጨረሻ ላይ እዩ

በእጅ ቀለም የተቀቡ የድሮ የከተማ ሥዕሎችን የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸወደው በአንድ መንገድ ነው። መጽሐፉን ከፍቶ መጀመሪያ ቀለሙን ያያል። ቀለሙ ያምራል፣ ወረቀቱ ቢጫ ብሏል፣ ሻጩም «200 ዓመት አልፎታል» ይላል። ገንዘቡ ይከፈላል። በኋላ በማጉያ መነጽር ሲታይ ሥዕሉ በማሽን የታተመ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂ ሆኖ ይገኛል። ወይም ህትመቱ እውነትም የድሮ ነው፤ ቀለሙ ግን የተቀባው በቅርብ ጊዜ ነው።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ መስመሩ፣ ከዚያ የሰሌዳው ዱካ (የማተሚያው የመዳብ ሰሌዳ ወረቀቱ ላይ የሚተወው ጎድጓዳ መስመር)፣ ከዚያ ወረቀቱ፣ ከዚያ ከሥዕሉ ሥር ያለው ጽሑፍ። ቀለሙ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ቀለም ማንም ሰው ዛሬ ማታ ሊቀባው ይችላል። በመዳብ ሰሌዳ የታተመ መስመርንና የ1800ዎቹን ወረቀት ግን አስመስሎ መሥራት ከባድ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ መጽሐፍ እንያዝ፤ «ማይክሮኮዝም ኦፍ ለንደን»። አሳታሚው ሩዶልፍ አከርማን ሲሆን የወጣው ከ1808 እስከ 1810 ነው። በየወሩ 4 ሥዕል እየያዘ በ26 ክፍል ተሸጠ፤ ሲያልቅ 3 ቅጽ ሆነ። ሥዕሎቹ በድምሩ 104 ናቸው። ሰዎቹን ቶማስ ሮውላንድሰን፣ ሕንጻዎቹን ኦገስተስ ቻርልስ ፑጂን ሣሉ። የቢሊንግስጌት ዓሣ ገበያ፣ የፍሊት እስር ቤት፣ የክሪስቲ ጨረታ አዳራሽ፣ የአስትሊ የፈረስ ትርዒት፣ ሁሉም አለበት። ይህን የመረጥኩት ከመጽሐፉ የተነጠሉ ገጾችም፣ ኋላ የተሠሩ ቅጂዎችም ገበያ ላይ ስለማይጠፉ ነው። ዘዴው ለሌሎቹም ይሠራል። እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ምን ሊያጋጥማችሁ ይችላል?

እጃችሁ ላይ የሚገባው ነገር ከሦስቱ አንዱ ነው።

1. በድሮ ጊዜ ታትሞ በዚያው ጊዜ፣ ከመሸጡ በፊት፣ በእጅ የተቀባ። የምትፈልጉት ይህን ነው።
2. በድሮ ጊዜ በጥቁር ቀለም ብቻ ታትሞ ኋላ የተቀባ። ህትመቱ እውነተኛ ነው፣ ቀለሙ አዲስ ነው። ለግድግዳ ጌጥ ይሆናል፤ በአንደኛው ዋጋ ግን አይገዛም።
3. ኋላ የታተመ ቅጂ። ለማንበብና ለማየት ጥሩ ነው። ዋጋው የቅጂ ዋጋ ይሁን እንጂ።

ሻጭ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። ብዙው ራሱም አያውቀውም። ለዚህ ነው ምርመራውን እናንተው መሥራት ያለባችሁ።

ደረጃ 1፦ ዕቃችሁን አዘጋጁ

ውድ ነገር አያስፈልግም፦

- 10 ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር፣ ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚይዙት ዓይነት። የስልክ ካሜራ ዙም አይተካውም። ስልክ ላይ የሚሰካ የማጉያ ሌንስ ግን ይሠራል።
- ነጭ ብርሃን ያለው ትንሽ የእጅ ባትሪ።
- አልትራቫዮሌት ባትሪ። ባንኮችና ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ዓይነት መብራት ይበቃል። ከተገኘ 365 ናኖሜትር የሚለው ይሻላል።
- ማስመሪያና እርሳስ። እስክሪብቶ በአጠገቡ አይድረስ።
- የሙዚየም ዲጂታል ምስል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምና የዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል የስብስባቸውን ምስሎች በነጻ እንድታወርዱ ይፈቅዳሉ። የምትገዙትን ሥዕል ስም ፈልጋችሁ ትልቁን ምስል ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ከቻላችሁ አንድ ጊዜ እውነተኛውን በዓይናችሁ እዩ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአንባቢ ካርድ በነጻ ይሰጣችኋል፤ 16 ዓመት መሙላትና ፎቶ ያለበት መታወቂያ መያዝ ነው። ለንደን ያላችሁም የብሪቲሽ ላይብረሪን የአንባቢ ካርድ በነጻ ማውጣት ትችላላችሁ። አንድ ትክክለኛ አኳቲንት (በአሲድ በተበላ የመዳብ ሰሌዳ የታተመ ሥዕል) በማጉያ ያየ ዓይን በቀላሉ አይሸወድም። ስለዚህ ጊዜ ካላችሁ ከግዢው በፊት ይህን አድርጉ።

ደረጃ 2፦ አያያዝ

1. እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ክሬም አትቀቡ።
2. ነጭ የጥጥ ጓንት አታድርጉ። ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፣ የወረቀቱን ጠርዝም ይይዝና ይቀድዳል።
3. መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሁለቱን ልባሶች በተጠቀለለ ፎጣ ደግፉ። ሙሉ በሙሉ 180 ዲግሪ አትዘርጉት። የድሮ ጥራዝ እንደዚያ ሲከፈት መገጣጠሚያው ላይ ይሰበራል።
4. ገጹን ከላይኛው ውጫዊ ማዕዘን ያዙና በዝግታ ግለጡ። ጣታችሁን በምራቅ አታርጥቡ። በአንዳንድ የድሮ አረንጓዴ ቀለሞች ውስጥ አርሴኒክ አለ፤ መርዝ ነው።

ገጽ ቢቀደድባችሁስ? በፕላስተር አታጣብቁ። የተቀደደውን ቁራጭ ንጹሕ ወረቀት ውስጥ አድርጋችሁ እዚያው ገጽ መካከል አስቀምጡትና ለባለሙያ ጠጋኝ ስጡ። ፕላስተር ዓመት ሲያልፍ ቡናማ ዘይት ይተዋል፤ ያ ደግሞ ከቀዳዳው ይብሳል።

ደረጃ 3፦ መስመሩን በማጉያ እዩ

ብዙው ሐሰት የሚያዘው እዚህ ነው። አትቸኩሉ።

ማጉያውን ዓይናችሁ ላይ አስጠጉ እንጂ ወረቀቱ ላይ አትጫኑት። ምስሉ እስኪጠራ ድረስ ራሳችሁን ዝቅ ከፍ አድርጉ። ሦስት ቦታ እዩ፦ ጥላ ያለበት ግድግዳ ወይም ጣሪያ፣ የአንድ ሰው ፊት፣ ከዚያ ሰማዩን ወይም መስኮቱን።

ምን አያችሁ?

- በረድፍ ወይም በክብ በክብ የተደረደሩ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣቦች፦ በማሽን የታተመ ነው። ይህ ዓይነት ህትመት የተስፋፋው ከ1890ዎቹ ወዲህ ነው። ምርመራው እዚህ አለቀ። ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢጫ ቢሆን የ1808 ሊሆን አይችልም።
- ያለ ሥርዓት የተበተኑ የብዙ ቀለም ነጠብጣቦች፣ አንዱ ሌላው ላይ የተደራረበ፦ ክሮሞሊቶግራፍ ነው። ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ቀለሙ ግን የታተመ እንጂ የተቀባ አይደለም።
- የደረቀ ጭቃ ሲሰነጣጠቅ እንደሚሠራው መረብ ያለ ጥቁር ወይም ቡናማ መረብ፣ በመካከሉ ትንንሽ ነጭ ደሴቶች፦ አኳቲንት ነው። ሰሌዳው ላይ የዛፍ ሙጫ ዱቄት ተነስንሶ አሲድ ሲበላው የሚመጣ መልክ ነው። የአከርማን ሥዕሎች እንዲህ መሆን አለባቸው። ቀጥሉ።
- ሻካራ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተቀባ የሚመስል ጥላ፦ ሊቶግራፍ (ድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚታተም) ነው። ከ1820ዎቹ በኋላ ብዙ የከተማ መጽሐፍ የተሠራው በዚህ ነው። በእጅ የተቀባም አለው። ለ«ማይክሮኮዝም» ግን ልክ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ኮሎታይፕ የሚባል የህትመት ዘዴ አለ። እሱም መረብ የሚመስል መልክ ይሰጣል። ልዩነቱን ለማየት የሰዎቹን ልብስ ጠርዝ ወይም የሕንጻውን መስመር ፈልጉ። በእውነተኛው መስመሩ ለብቻው የተቆረጠ፣ ጥርት ያለ፣ ቀለሙም ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በኮሎታይፕ መስመሩ ራሱ ከዚያው ስስ መረብ የተሠራ ነው፤ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ከፍታም የለውም።

ካልለየላችሁስ? ባትሪውን አብሩና ከወረቀቱ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ አጋድሙት። ብርሃኑ በወረቀቱ ላይ ይንሸራተት። ጥቁሩ መስመር ትንሽ ጥላ ከጣለ በተቆፈረ ሰሌዳ ታትሟል ማለት ነው። አሁንም ካልተለየ ያየሁትን አላውቅም በሉና ወደ ሚቀጥለው እለፉ። በግምት «አኳቲንት ነው» ብላችሁ አትወስኑ።

ሥዕሉ በመስታወት ተዘግቶ ከሆነስ? ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ከተጠጋ በማጉያ ይታያል። ካልታየ ፍሬሙ እንዲከፈት ጠይቁ። ሻጩ እምቢ ካለ የምትከፍሉት የፍሬምና የጌጥ ዋጋ ብቻ ይሁን።

ደረጃ 4፦ የሰሌዳውን ዱካ ፈልጉ

የመዳብ ሰሌዳ በርጥብ ወረቀት ላይ በከባድ ማተሚያ ሲጫን ዙሪያውን ጎድጓዳ መስመር ይተዋል። ባትሪውን እንደገና አጋድሙና ከሥዕሉ ውጭ፣ በኅዳጉ ላይ፣ አራት ማዕዘን ጥላ ፈልጉ። ከዚያ ገጹን ገልብጡና ከጀርባ በጣታችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ።

ዱካው ቢጠፋ ሥዕሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ኅዳጉ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ለፍሬም እንዲመቸው ቆርጧል። ጠራዦችም ቆርጠዋል። ዱካው ስላለ ብቻም እውነተኛ ነው አትበሉ፤ በባዶ ሰሌዳ ተጭኖ የሚሠራ የውሸት ዱካ አለ። ዱካው ከደረጃ 3 ውጤት ጋር ብቻ ነው የሚመዘነው። ነጠብጣብ ያለበት ህትመት ዙሪያውን ዱካ ካለው፣ ሰው ሆን ብሎ ያታልላል ማለት ነው። ከዚያ ሻጭ ሌላም ነገር አትግዙ።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱን መርምሩ

1. ገጹን በአንድ እጅ ደግፋችሁ አንሱና ከኋላው ባትሪ አብሩ። ጥራዝ ውስጥ ያለ ገጽ ከሆነ ስስ የብርሃን ሰሌዳ ከሥሩ ማስገባት ይሻላል።
2. የውሃ ምልክት፣ ማለትም ወረቀቱ ሲሠራ ውስጡ የገባና በብርሃን የሚታይ ምልክት፣ ፈልጉ። በ1800ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ መጻሕፍት ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ጄ. ዋትማን» የሚለው በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ስም ነው፤ ሥሩ ዓመት አለው።
3. ዓመቱን ጻፉ። ከሥዕሉ ሥር ካለው የህትመት ቀን ጋር ታነጻጽሩታላችሁ።
4. ክፍሉን አጨልሙና አልትራቫዮሌት ባትሪውን ለአፍታ አብሩ። ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ማንጫ ኬሚካል አለበት። ይህ ኬሚካል ወረቀት ውስጥ መግባት የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው።

በአንድ ገጽ ላይ የውሃ ምልክት ካላገኛችሁ አትደንግጡ። ትልቁ ወረቀት ሲቆረጥ ምልክቱ የሚደርሰው ለአንዳንዱ ቁራጭ ብቻ ነው። ሙሉ መጽሐፍ ከሆነ ሌሎቹንም ገጾች እዩ። ወረቀቱ በአልትራቫዮሌት ካላበራም አሮጌ ነው ማለት አይደለም። ዛሬም ማንጫ የሌለበት ወረቀት ይሠራል። ምርመራው አዲሱን ያጋልጣል እንጂ አሮጌውን አያረጋግጥም።

የወረቀት ቢጫነት ምንም አይነግራችሁም። በሻይ ውሃ የተነከረ ወረቀትም ቢጫ ነው። እንዲያውም የዚያ ዘመን ጥሩ ወረቀት ከጨርቅ ስለተሠራ ብዙ ጊዜ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ወረቀት ይልቅ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ይገኛል። «በጣም ነጭ ነው፣ የድሮ አይመስልም» ብላችሁ ጥሩውን አትለፉ።

ደረጃ 6፦ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ

በ«ማይክሮኮዝም» ሥዕሎች ሥር ደቃቅ ጽሑፍ አለ። በግራ የሠዓሊዎቹ ስም፣ ሮውላንድሰንና ፑጂን። በቀኝ አኳቲንቱን የሠራው ሰው፤ ብላክ፣ ስታድለር፣ ሂል፣ ሰዘርላንድ ወይም ሃራደን። ከሥር የታተመበት ቀንና የአከርማን ሱቅ አድራሻ፣ ስትራንድ 101። ቅጂዎች ላይ ይህ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይጠፋል ወይም ይደበዝዛል።

አሁን ቀኑን ከውሃ ምልክቱ ጋር አገናኙ። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

- ሥዕሉ 1808 ይላል፣ ወረቀቱ 1806 ወይም 1807 ይላል፦ ይስማማል። ወረቀት ተሠርቶ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚታተምበት።
- ሥዕሉ 1808 ይላል፣ ወረቀቱ ከ1810 በኋላ ያለ ዓመት ይዟል፦ ሰሌዳው ኋላ እንደገና ታትሟል። ሰሌዳው ላይ የተቀረጸው ቀን አይለወጥማ። ሐሰት አይደለም፤ የመጀመሪያው ህትመት ግን አይደለም። አኳቲንት ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው። ብዙ ከታተመ ስሱ ጥላ ይጠፋል፤ ሥዕሉ ይገረጣል። ያንን ለመሸፈን ቀለሙ ይወፍራል። ዋጋው መቀነስ አለበት።

ሙሉ መጽሐፍ ከሆነ ርዕስ ገጹንም እዩ። በ1904 ሜቱን የተባለ አሳታሚ ይህን መጽሐፍ በ3 ቅጽ እንደገና አውጥቶታል። በ1943 ደግሞ ጥቂት የተመረጡ ሥዕሎችን ብቻ የያዘ ትንሽ እትም «ኪንግ ፔንግዊን» በተባለ ተከታታይ የመጻሕፍት ስም ወጣ። ሁለቱም ቆንጆ መጻሕፍት ናቸው፤ ሁለቱም ግን በእጅ የተቀቡ አይደሉም። ከሁለቱ የተቀደደ ገጽ ፍሬም ገብቶ እንደ 1808 ሥራ ሊቀርብላችሁ ይችላል።

ደረጃ 7፦ አሁን ቀለሙን እዩ

እስካሁን ያለው ሁሉ ከተስማማ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቀለሙ መቼ ተቀባ?

በመጀመሪያ በእጅ መቀባቱን አረጋግጡ። በማጉያ ስታዩት፦

- ቀለሙ ነጠብጣብ የለውም። እንደ ስስ ውሃ ተዘርግቷል፤ ከሥሩ የሰሌዳው መስመር ይታያል።
- ስሱ ቀለም ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይተዋል። ሁለት ቀለም በተገናኘበት ቦታ ትንሽ መደራረብ ወይም ትንሽ ባዶ ክፍተት አለ።
- ቀለሙ አንዳንድ ቦታ ከመስመሩ ወጥቷል። ኮፍያው ቀይ ሆኖ ጥቂት ቀይ ወደ ግድግዳው ዘልቋል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው።
- ብርሃን ስታጋድሙ ጠቆር ያሉት ጥላዎች ላይ የሚያብረቀርቅ ሙጫ ሊታይ ይችላል። ቀቢዎቹ ጥላውን ለማድመቅ የሚቀቡት ነው።

በሌላ በኩል ጠርዙ በሙሉ እንደ ቢላዋ ቁርጥ ያለ፣ ጠርዙ ላይም ቀለም የተቆለለ ከሆነ በስቴንስል (ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ሉህ በኩል) የተቀባ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በጥንቃቄ የተሠሩ ቅጂዎች ላይ ይገኛል።

አንድ ነገር እንዳያሳስታችሁ። በዚህ ዘመን ሰሌዳውን ሲያትሙ አንዳንድ ጊዜ ሰማዩን በሰማያዊ፣ የቀረውን በቡናማ የህትመት ቀለም ያደርጉ ነበር። ስለዚህ የሰማዩ መረብ ሰማያዊ ሆኖ ብታገኙት ሐሰት ነው ብላችሁ አትጣሉት።

ከዚያ ስልካችሁ ላይ ያስቀመጣችሁትን የሙዚየም ምስል አውጡ። እዚህ ላይ የምትፈልጉት ነገር ከምትጠብቁት ተቃራኒ ነው። ሁለት በእጅ የተቀቡ ገጾች ፈጽሞ አንድ ዓይነት ሊሆኑ አይችሉም። አጠቃላይ ቀለሙ ይመሳሰላል፤ ቀቢዎቹ አንድ ናሙና እያዩ ይሠሩ ነበርና። ዝርዝሩ ግን ይለያል። የዓሣ ሻጯ መቀነት እዚህ ቀይ፣ እዚያ ብርቱካናማ ሊሆን ይችላል። ቀለም የወጣበት ቦታ ግን በፍጹም አንድ አይሆንም። የእናንተ ገጽ እያንዳንዱ የቀለም መፍሰስ ከሙዚየሙ ምስል ጋር አንድ ከሆነ፣ ከዚያ ምስል የተሠራ ቅጂ ይዛችኋል።

የድሮ ቀለም ምልክቶች አሉ፤ አንዱም ብቻውን አይበቃም፦

- ነጭ የነበረ ቦታ፣ ፊት ወይም ልብስ፣ ጥቁር ግራጫ ሆኗል። የእርሳስ ማዕድን ያለበት ነጭ ቀለም በአየር ውስጥ ባለ ሰልፈር ይጠቁራል። በአዲስ ቀለም አይመጣም።
- አረንጓዴው ከመዳብ የተሠራ ከሆነ ወረቀቱን በልቶ ከጀርባ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ይህ በተለይ በ1500ዎቹና በ1600ዎቹ የከተማ ካርታ መጻሕፍት ላይ የተለመደ ነው።
- ቀለሙ ትይዩ ባለው ገጽ ላይ ደብዛዛ ጥላ ትቷል፤ ወይም የትይዩው ጽሑፍ ጥላ ሥዕሉ ላይ አርፏል። ገጾቹ ረጅም ጊዜ አብረው እንደቆዩ ያሳያል።

የአዲስ ቀለም ምልክቶችም አሉ። ቀለሙ ቡናማ ነጠብጣብና እድፍ ላይ ተቀብቶ ከሆነ እድፉ ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ቀለሙ በተጠገነ ቀዳዳ ላይ ካለፈም እንደዚሁ። በጣም ደማቅ ሐምራዊ ወይም ማጀንታ ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ እንዲህ ያሉ ሰው ሠራሽ ቀለሞች የመጡት ከ1856 በኋላ ነው።

«በርጥብ ጥጥ አሽተህ ሞክረው፣ ከለቀቀ አዲስ ነው» የሚል ምክር ከሰማችሁ በጭራሽ አትሞክሩት። የ200 ዓመት የውሃ ቀለምም ውሃ ሲነካው ይለቅቃል። ምንም ሳታውቁ ሥዕሉን ታበላሻላችሁ።

መጀመሪያውኑ ያለ ቀለም የወጡ ሥዕሎች

እዚህ ላይ ብዙ የሀገራችን ሰው ይጎዳል። ከ1842 ጀምሮ በየሳምንቱ ይወጣ የነበረው «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ጋዜጣ መደበኛ ገጾቹ የታተሙት በጥቁር ቀለም ብቻ ነው። ስለ 1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ ያወጣቸው ሥዕሎችም እንደዚሁ። ዛሬ ገበያ ላይ ቀለም ተቀብተው ሲቀርቡ ህትመቱ የዘመኑ ነው፣ ቀለሙ ግን ኋላ የተጨመረ ነው። ገልብጡትና ጀርባውን እዩ፤ የጋዜጣ ጽሑፍ ካለበት ነገሩ ግልጽ ነው።

ከዚህ ጋር የማይምታታ ሌላ ሥራ አለ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ1809 ለንደን ውስጥ ያሳተማቸው 24 ትላልቅ ሥዕሎች ሲወጡም ቀለም የተቀቡ አኳቲንቶች ናቸው። ከእነሱ አንዱ የአክሱም ሐውልት ነው። ይህን ነጠላ ሥዕል ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ከደረጃ 3 እስከ 7 ያለውን አንድም ሳትዘሉ አድርጉ። ለእኛ ትርጉም ያለው ሥዕል ስለሆነ ልብ ቀድሞ ይገዛል።

ደረጃ 8፦ ሙሉ መጽሐፍ ከሆነ ቁጠሩ

1. ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። ሦስቱም ቅጽ ካለ 104 መሆን አለባቸው። 103 «ሊሞላ ምንም አልቀረው» አይደለም፤ ጎዶሎ ነው፤ ዋጋውም ይለያል።
2. ቤተ መጻሕፍት ያወጡትን ዲጂታል ቅጂ ከፍታችሁ የየሥዕሉን ስም አመሳክሩ። ቁጥሩ ሞልቶ አንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ ገብቶ ሊሆን ይችላል።
3. ገጾቹ ጥራዙ ውስጥ የገቡበትን ሥር እዩ። የተቆረጠ ቁራጭ ካለ ገጽ ወጥቷል።
4. ከሌላ መጽሐፍ የገባ ገጽ ፈልጉ። መጠኑ ትንሽ ይለያል፤ የውሃ እድፉ ከጎረቤቱ ገጽ ጋር አይቀጥልም፤ ጥላውም ትይዩው ገጽ ላይ የለም።

ጎደሎ ብታገኙስ? ለሻጩ አሳዩትና በጽሑፍ እንዲገልጽ አድርጉ። ጎደሎ መጽሐፍ መግዛት ነውር አይደለም። እባካችሁ ግን ሥዕሎቹን ነጥላችሁ ለመሸጥ ብላችሁ አትግዙ። ከ200 ዓመት በላይ አብረው የቆዩ ገጾች አንዴ ከተበተኑ ተመልሰው አይገናኙም። ነጠላ ሥዕል ከፈለጋችሁ ድሮውኑ የተነጠለ በበቂ አለ።

ደረጃ 9፦ ኦንላይን ስትገዙ

መንካት ስለማትችሉ ሻጩ እንዲነካላችሁ አድርጉ። እነዚህን ፎቶዎች ጠይቁ፦

- አንድ ፊትና አንድ ጥላ ያለበት ግድግዳ፣ በማጉያ ሌንስ የተነሳ
- የሥዕሉ ጀርባ በሙሉ
- የሥሩ ጽሑፍ፣ ከግራ እስከ ቀኝ
- ወረቀቱ ከኋላ ብርሃን እየበራበት
- ኅዳጉ ባትሪ ከጎን ተጋድሞ
- ከአጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ ሙሉው ገጽ

ከዚያ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ጠይቁ፦ «ቀለሙ ህትመቱ በወጣበት ጊዜ የተቀባ ነው ወይስ ኋላ?» ዝም ብሎ «በእጅ የተቀባ» የሚል ማስታወቂያ ይህን አይመልስም። ትናንት የተቀባውም በእጅ የተቀባ ነው። ሻጩ «አላውቅም» ካለ ታማኝ መልስ ነው፤ ዋጋውን በዚያው ልክ ተነጋገሩ። ጥያቄውን እየዘለለ ስለ ሥዕሉ ውበት የሚያወራ ከሆነ ይቅርባችሁ።

መመለስ የሚቻልበትን ጊዜ ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። ዕቃው ሲደርስ ከደረጃ 3 ጀምራችሁ በዚያው ቀን መርምሩ። ካልተስማማ ፎቶ አንሱ፤ ምን እንዳያችሁ በአጭሩ ጻፉ፤ ፍሬሙን ራሳችሁ ሳትከፍቱ መልሱ።

ደረጃ 10፦ ከገዛችሁ በኋላ

- ነጠላ ሥዕል አሲድ በሌለው ካርቶንና ወረቀት መካከል አስተኝታችሁ አስቀምጡ። ተራ ካርቶን ዙሪያውን ቡናማ መስመር ያቃጥልበታል።
- ፍሬም ከገባ መስታወቱ አልትራቫዮሌት የሚከለክል ይሁን፤ ወረቀቱም መስታወቱን አይንካ። ፀሐይ የሚገባበት ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። የውሃ ቀለም በብርሃን ይጠፋል፤ የጠፋው አይመለስም።
- ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ቤትና እርጥበት ያለበት ምድር ቤት አይሆኑም። ሻጋታ ካያችሁ አትጥረጉት። ለብቻው ለዩትና ደረቅ አየር ያለበት ክፍል ውስጥ አድርጉት።
- ደማቅ አረንጓዴ ቀለም ያለበትን ሥዕል፣ በተለይም በ1800ዎቹ አጋማሽ በደማቅ አረንጓዴ ጨርቅ የተለበጠ መጽሐፍ፣ በናይትሪል ጓንት ያዙ። አርሴኒክ ያለበት አረንጓዴ ከ1775 ጀምሮ፣ ይበልጥ ደማቁ ደግሞ ከ1814 ጀምሮ ይሠራ ነበር። እያያችሁ ምግብ አትብሉ፤ ሲያበቃ እጃችሁን ታጠቡ። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ፣ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አኑሩት።
- የምርመራችሁን ውጤት በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የመስመሩ ዓይነት፣ የውሃ ምልክቱ ዓመት፣ የሥሩ ቀን፣ ስለ ቀለሙ የደረሳችሁበት። ከደረሰኙና ከሻጩ የጽሑፍ መልስ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። ሥዕሉ ጀርባ ላይ ምንም አትጻፉ።